ሰባተኛው ፎርም

በኮሌጁ ማተሚያ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ስትዞር የኖረች አንዲት ሴት አለች። ቅጽል ስም አውጪ የማይጠፋበት ቤት ነውና «እትዬ ዙረት» ይሏታል። ከቤቷና ከሥራዋ በቀር የትም የማትሄድ ሴት ዙረት መባሏ ስም አውጪዎቹን እስከ ዛሬ ያስቃቸዋል። እሷን ግን አያስቃትም፣ አይከፋትምም። ሲጠሯት አቤት ትላለች።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ከማተሚያው የሚወጣው ሰፊ ወረቀት በማጠፊያው ማሽን ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል፤ ይህን ፎርም ይሉታል። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ አሥራ ሁለት ፎርም ካለው፣ አሥራ ሁለት ክምር በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ይደረደራል። እትዬ ዙረት አውራ ጣቷ ላይ የላስቲክ ቆብ አጥልቃ፣ ከአንደኛው ክምር አንድ፣ ከሁለተኛው አንድ እያነሳች ትዞራለች። አንድ ዙር አንድ መጽሐፍ ነው። የሰበሰበችው በመርፌ ወደሚሰፋው ሰፊ ያልፋል፣ ከሰፊው ሽፋን ወደሚያለብሰው ለባጭ፣ ከለባጩ ወደ ቆራጩ። መጽሐፍ ሠራሁ የሚል ሰው በዚያ ቤት የለም፤ ሁሉም የየድርሻውን ነካ አድርጎ ያሳልፋል።

ሥራ የጀመረች ሰሞን ታነብ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ነጥብ ጨርሳ እዚሁ ኮሌጅ ልትገባ ደብዳቤ የደረሳት ልጅ ናት፤ እናቷ ታመሙና ቀረች። በተማሪነት ያልገባችበትን ግቢ በሠራተኛነት ስትገባ፣ እየዞረች ዓይኗን ጣል ታደርግ ነበር። ከአንዱ ክምር ስለ ልብ አሠራር ሁለት መስመር፣ ከሌላው ስለ ድልድይ ምሰሶ አንድ መስመር። የዚያን ጊዜው አለቃ፣ አሁን ጡረታ የወጡት፣ ይህን አይተው እጇን በማስመሪያ ቸብ አደረጉና «አንቺ ልጅ፣ ወረቀቱን አንሺው እንጂ አትጠይቂው» አሏት። የሚያነብ ሰብሳቢ ይዘገያል፣ የዘገየ ሰብሳቢ ሰፊውን ሥራ ያስፈታል። ማንበብ ለምን ያስፈልጋል? በየፎርሙ ጀርባ ላይ ትንሽ ጥቁር ምልክት አለች፤ የአንዱ ከሌላው ዝቅ እያለች ትሄዳለች። ፎርሞቹ በተርታ ሲሰበሰቡ ምልክቶቹ ደረጃ ይሠራሉ። ደረጃው ካልተሰበረ መጽሐፉ ልክ ነው፤ አለቀ።

መጀመሪያ ማንበቡን የተወችው በግድ ነበር። ቀጥሎ በልማድ ሆነ። የልጇ አባት ልጅቱ ስድስት ዓመት ሲሆናት ለሥራ ብሎ ወጥቶ በዚያው ሲቀር፣ ዙረት በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዋ ጋ ነበረች። ያን ቀን እግሯ ሲቆጥር ዋለ፣ ጭንቅላቷ ዝም አለ። ዝምታውም ተስማማት። ከዚያ ወዲህ ይህን ዝምታ ለቅቃ አታውቅም። ደስታም ሲመጣ እንደ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል፤ ኀዘኑም እንደዚያው። ከፍቶሽ ነው ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው ቢኖር «ምኑ?» ትለው ነበር፤ ደግሞ ከልቧ ነው።

በዚህ ዓመት ትምህርት ሊከፈት አምስት ቀን ሲቀረው ሁለት መጻሕፍት በአንድ ሳምንት ተደርበው መጡ። አንዱ፣ አገር በምን ይበለጽጋል የሚለውን ነገር ሲመረምር ስለኖረ የጥንት ፈላስፋ ነው፤ ተማሪዎቹ «ሽማግሌው» ይሉታል። ሌላው የሥራ ቦታ ጽሑፍ ነው፤ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ። ሁለቱም አሥራ ሁለት ፎርም፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ወረቀት፣ የሁለቱንም የገጽ አቀማመጥ ለኅትመት ያሰናዳው አንድ ሰው ነውና የጀርባቸው ምልክት እንኳ አንድ ቦታ ላይ ነው። የሽማግሌው ሰባተኛ ፎርም መቀመጥ በነበረበት ቦታ የደብዳቤው ሰባተኛ ፎርም ተቀመጠ። የደብዳቤው በእጥፍ ታትሞ ስለነበር አልጎደለም፤ የሽማግሌው ደግሞ ኋላ እንደ ትርፍ ወረቀት ተቆጥሮ ተወገደ። ዙረት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጊዜ ዞረች፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጊዜ አነሳችው። ደረጃው አልተሰበረም።

ነገሩ ለአሥራ አንድ ሳምንት ማንም ሳያውቀው ቆየ። የወጣው በፈተና ነው። «ሽማግሌው ስለ ሠራተኛው ምን ይላል?» ለሚለው ጥያቄ ሠላሳ አንድ ተማሪዎች «ሠራተኛው ለአለቃው በሚያቀርበው ማብራሪያ ላይ ቀኑን በቀኝ በኩል ከላይ ማስፈር አለበት ይላል» ብለው መለሱ። አንዱማ «በዚህም የአገር ሀብት ያድጋል» ብሎ ጨመረበት። መምህሩ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ የራሱን መጽሐፍ ከፈተ። ገጽ ዘጠና ስድስት ላይ ሽማግሌው ነገሩን ጀምሮ «ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ» ይልና፣ ዘጠና ሰባት ላይ ስለ ቀንና ቁጥር አቀማመጥ ይነሳል። መምህሩም ከድሮ ደብተሩ ነበር የሚያስተምረው፤ አዲሱን መጽሐፍ ያን ዕለት ነው የገለጠው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ግን ወረቀቱ የያዘውን ያየ ሰው አልነበረም።

ኮሌጁ ተቆጣ። ጥፋተኛው ተጣርቶ ዓርብ ለኮሚቴ እንዲቀርብ ለማተሚያ ቤቱ ደብዳቤ ተጻፈ።

ማክሰኞ ቀትር ሲቃረብ የአሁኑ አለቃ ዙረትን ቢሮው አስጠራት። ከእሷ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ጥድፊያ ግን አለበት። አንድ የተተየበ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ያው የሆነው ነዋ። ክምሩን ያስቀመጠው አጣፊው ነው፣ አንቺ ምልክቱን አይተሽ አነሳሽ። አንቺ ምን አጠፋሽ?»

አጣፊው ማጠፊያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ሰውዬ ናቸው፤ ቤቱ ሁሉ «ጋሽ እጥፍ» ይላቸዋል። ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ቀርቷቸዋል። በጥፋት ከተሰናበቱ የሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው ገደል ገባ ማለት ነው። ዙረት ይህን ታውቃለች። አውቃም ምንም አልተሰማት፤ እስክሪብቶውን አነሳች። ያን ጊዜ የምሳ ደወል ተደወለ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ደወል ሲደወል የያዘችውን ማስቀመጥ ለምዳለችና እስክሪብቶውን አስቀመጠችው።

«ነገ ልፈርም?» አለች።

«እሺ፣ ግን ከነገ እንዳያልፍ።»

ማታ ቤት ስትገባ ልጇ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታጠናለች። ሁለቱ የሚኖሩባት ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ጠረጴዛ ያለባት ናት። ልጅቱ እዚያው ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች፤ ሽማግሌውንም ዘንድሮ ነው የምትማረው። ወሬውን ሰምታ ስትስቅ ውላለች።

«እማዬ፣ ይሄን መጽሐፍ አንቺ ነሽ አይደል የሰበሰብሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንድ ሺህ ሁለት መቶውንም?»

«አዎ።»

ልጅቱ መሳቅ ጀመረችና የእናቷን ፊት አይታ ተወችው። ዙረት ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን አሸት አሸት አደረገች፣ ትንሽ ቆየችና «የቀረው ምን ይላል?» አለቻት።

«የቱ?»

«ሰባተኛው። እውነተኛው።»

መምህሩ ፎቶ ኮፒ አድርጎ አድሏቸው ነበር። ልጅቱ ወረቀቶቹን አገላበጠች። «እስከዚህ ድረስ ሥራ መከፋፈልን ሲያመሰግን ነው የሚመጣው፤ ሥራ ሲከፋፈል ሀብት ይበዛል ይላል። እዚህ ጋ ሲደርስ ግን…»

«ግን ምን?»

«ዕድሜ ልኩን አንዲት ነገር ብቻ ሲሠራ የሚኖር ሰው ይደነዝዛል ይላል። ማሰብ ይተዋል፤ ከሰው ጋ ቁም ነገር መጨዋወት፣ ለሰው ማዘን እንኳ እያቃተው ይሄዳል ይላል። ስለ ድሮ ሰዎች ነው እኮ እማዬ።»

«ገብቶኛል» አለች ዙረት። እራት አቀረበች። በሉ። ዕቃ አጠበች። እጇን አድርቃ ስታበቃ መጽሐፉን ከልጇ ተቀበለችና ተሳስቶ የገባውን ፎርም ከገጽ ዘጠና ሰባት ጀምራ አነበበችው። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ በጣቷ እየተከተለች ነበር። የኮሌጁ ደብዳቤ ከደረሳት ዘመን ወዲህ አንድ ፎርም ሙሉ ስታነብ የመጀመሪያዋ ነው። መጽሐፉ ደረቅ ነው፤ ቀልድ የለበትም። ማብራሪያ የሚጽፍ ሰው ያየውን ከሰማው ይለይ ይላል። የግል ስሜት አያስገባ ይላል። ብዕር ከማንሳቱ በፊት ነገሩ የሚመለከተውን ሰው ሄዶ ይጠይቅ ይላል።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ማሽኖቹ ቆመው ሳለ ወደ ጋሽ እጥፍ ሄደች። አጣፊው ከማሽናቸው ሥር የወረቀት ጥቅል ላይ ተቀምጠው የምሳ ዕቃቸውን ከፍተዋል። በሁለቱ መካከል በሥራ ሰዓት ያለው ርቀት ሁለት ክንድ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ ስለሚጮህ ሰው አያወራም፣ በእጅ ምልክት ነው የሚግባቡት። ከእሳቸው ጋር ተቀምጣ ማውራቷ ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደሆነ አታውቀውም።

«ጋሼ፣ ስለ ሽማግሌው መጽሐፍ ልጠይቅዎ ነው። ዓርብ ማብራሪያ ይፈለጋል።»

«ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አሉ ወዲያው። «እንደሆነ ጻፊ። አትቸገሪ።»

«ያን ቀን ምን ሆነው ነው? እርስዎ እኮ ተሳስተው አያውቁም።»

ጋሽ እጥፍ ቀና ብለው አዩአት። ልትቀልድባቸው የመጣች መስሏቸው ነበር፤ ዙረት ኋላ እንደገባት።

«ዙረት፣ አታውቂም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ባለቤቴን ቀብሬ በመጣሁ በአራተኛው ቀን ነበር እኮ።»

ዙረት አጠገባቸው ጥቅሉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሦስት ቀን ቀረሁ» አሉ፣ የምሳ ዕቃቸውን ክዳን እያሻሹ። «አራተኛው ቀን አለቃው ደወለ፤ ሥራው ቆሟል ና አለኝ፣ መጣሁ። ለአለቃው ነግሬዋለሁ። እናንተም የሰማችሁ መስሎኝ ነበር። ስገባ ማንም ምንም አላለኝም። እንግዲህ ዝም ካሉኝ ብዬ እኔም ዝም አልኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

«ጋሼ፣ እኔ አልሰማሁም።»

«እሱማ አሁን ገባኝ» አሉ። «አሥራ አንድ ሳምንት ግን የሰማሽ መስሎኝ ነው የኖርኩት።»

ዙረት ተነሳች። ማለት የሚገባትን ቃል ታውቀዋለች፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ግን አላለችውም። ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። እነዚያን ሦስት ቀናት አስታወሰቻቸው፤ ማጠፊያው ላይ ሌላ ሰው ተተክቶ ክምሯ እየጎደለ ስትናደድ ነበር። ጋሽ እጥፍ ሲመለሱ «በመጨረሻ መጡልኝ» ብላ ነበር በልቧ። ፊታቸውን አይታዋለች፤ ከሁለት ክንድ ርቀት ቀኑን ሙሉ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት ነገር የሌላ ሰው ተረት ይመስላት ነበር። አሁን አፈረች። እፍረቱ ከታች ከእግሯ ነው የጀመራት፤ እንደ ደነዘዘ እግር ደም ሲመለስበት ወጋት።

የአለቃውን ወረቀት ሳትፈርም መለሰችለት። ሐሙስ ቤቷ ተቀምጣ በልጇ ደብተር ወረቀት ላይ የራሷን ጻፈች። ቀኑን በቀኝ በኩል ከላይ አሰፈረች። ልጅቱ ልርዳሽ ብትላት እምቢ አለች።

ዓርብ ኮሚቴው ተቀመጠ። ምክትል ዲኑ መሐል ላይ ናቸው፤ ከቀኛቸው የሥራ ቦታ ጽሑፍን መጽሐፍ ያዘጋጁት መምህርት፣ ከግራቸው አለቃው። ጋሽ እጥፍ በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ዙረት ቆማ አነበበች።

«አንድ፤ የተሳሳተውን ክምር ያስቀመጡት አጣፊው ናቸው፣ ይህን ራሳቸው ነግረውኛል። ሁለት፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጊዜ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ማንበብ እችላለሁ፣ አላነበብኩም። ሦስት፤ በዕለቱ አጣፊው ባለቤታቸውን ከቀበሩ አራት ቀናቸው ነበር። ከሐዘን የተጠሩት በአለቃችን ነው። አራት፤ በዕለቱ ከሳቸው ሁለት ክንድ ርቄ ቆሜ ነበር። ምን ሆኑ ብዬ አልጠየቅኳቸውም።»

 ምክትል ዲኑ ወደ አለቃው ዞሩ።

«ሐዘኑ ለሠራተኞቹ አልተነገረም ነበር?»

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ብናገር ኖሮ ሁሉም ሥራ ጥሎ ለቅሶ ይሄድ ነበር። ትምህርት ሊከፈት አምስት ቀን ነበር የቀረው። ኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ… ኋላ ረሳሁት።»

ረሳሁት ያለው እውነቱን ነው። በዚያ ቤት ያልረሳ ማን አለ? መምህርቷ የዙረትን ወረቀት ተቀብለው ደግመው አነበቡት።

«ጽሑፉ ጥሩ ነው» አሉ። «ማን ጻፈልሽ?»

«እኔ ነኝ። ከመጽሐፍዎ ነው የተማርኩት፤ ሰባተኛው ፎርም ላይ አለ።»

መምህርቷ ቀላ አሉ። «እንግዲያው እንደምታውቂው አራተኛው ነጥብ ቦታው እዚህ አይደለም። ማብራሪያ ንስሐ አይደለም። ብናወጣው ይሻላል።»

«እሱ ከወጣ ምን ይቀራል?» አለች ዙረት። ለክርክር አልነበረም፤ የምር ነው የጠየቀቻቸው። መምህርቷ ወረቀቱን እንዳለ ለዲኑ አቀበሉ።

ውሳኔው ብዙ አልቆየም። ጋሽ እጥፍ ጊዜያቸውን ጨርሰው በጡረታቸው ይሰናበቱ ተባለ። ለዙረት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማኅደሯ ውስጥ ይግባ ተባለ። ለአለቃው ምን እንደተባለ በሩ ተዘግቶ ስለነበር አልተሰማም። ሰባተኛው ፎርም እንደገና ታትሞ ለየተማሪው በነፍስ ወከፍ ይታደል ተባለና ሁሉም ወደ ሥራው።

ከሰዓት በኋላ ያ ፎርም መታጠፍ ጀመረ። ጋሽ እጥፍ ማሽናቸውን አስነስተዋል፤ ወረቀቱ በአንድ በኩል ሰፊ ሆኖ ገብቶ በሌላው በኩል ታጥፎ ይወጣል። ዙረት የመጀመሪያውን ክምር ልትወስድ መጣች። ክምሩን አላነሳችም። በማሽኑ ጩኸት መሐል ወደ ጆሯቸው ተጠጋች።

«ጋሼ» አለች። «እግዜር ያጥናዎት።»

አልሰሙም። በእጃቸው ምን አልሽ የሚል ምልክት አሳዩአት። ዙረት ግን ይህን በእጅ ምልክት መናገር አትችልም። እጇን ዘርግታ ማሽኑን አጠፋችው። ሃያ ሦስት ዓመት ስትሠራ የሌላ ሰው ማሽን ስትነካ አይቷት የሚያውቅ የለም፤ ሰፊው ቀና አለ፣ ቆራጩ ቢላዋውን አቆመ።

«እግዜር ያጥናዎት» አለች እንደገና፤ በጸጥታው ውስጥ ድምፅዋ ለራሷም ጮኸባት። «ነፍሳቸውን ይማር። ሳልሰማ ቀርቼ ነው። አጠገብዎ ቆሜ።»

ጋሽ እጥፍ ሁለት እጃቸውን ማሽኑ ላይ አሳረፉ። «አሜን» አሉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አሜን፣ እህቴ። ከዚህ ቤት አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ዙረት ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ለእሳቸውም፣ ለማታውቃቸው ሴትዮም፣ እንባ ሳታወጣ ላሳለፈችው ዘመን ሁሉም። ሰፊው መርፌውን አስቀምጦ መጣ። ለባጩ እጁን ጠረገና ተከተለው። ቆራጩም መጣ። አለቃው ከላይ ከቢሮው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ማሽኑ ለምን ቆመ?» ብሎ ጮኸ። ማንም አልመለሰለትም።